ከዶርዜ ደጋ ወደ ነጭ ሣር ሜዳ

ዶርዜ ማለት በጋሞ ደጋ፣ በጨንቻ አጠገብ ያለ አገር ስም ነው፤ የሚኖርበትም ሕዝብ በዚሁ ስም ይጠራል። ከአርባ ምንጭ ከተማ እስከዚያ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ነገር ግን መንገዱ ጠመዝማዛ አቀበት ስለ ሆነ፣ ከታች በሸሚዝ የተነሣ ሰው ከላይ ሲደርስ ጋቢ ይፈልጋል። ምክንያቱም ይህ ነው፤ ሰው 1,000 ሜትር ወደ ላይ በወጣ ቍጥር አየሩ 6 ዲግሪ ያህል ይቀዘቅዛል፤ በአርባ ምንጭና በዶርዜ መካከል ያለውም የከፍታ ልዩነት ከ1,000 ሜትር ይበልጣል።

ልጆች ሆይ፤ በዚህ ትምህርት ከዶርዜ ተነሥተን ቍልቍለቱን እንወርዳለን፤ በአባያና በጫሞ ሐይቆች መካከል ያለውንም የነጭ ሣር ብሔራዊ ፓርክ እንጎበኛለን። ብሔራዊ ፓርክ የሚባለው መንግሥት ዱሩንና ውሃውን፣ አራዊቱንና አዕዋፉን በሕግ ከልሎ የሚያስጠብቀው፣ ሰውም ሊያየው የሚመጣ ምድር ነው። ከአገራችን ፓርኮች በውጭ አገር ይበልጥ ስሙ የታወቀው የስሜን ተራሮች ፓርክ ነው፤ እርሱም በአውሮፓ አቆጣጠር በ1978 ዓ.ም. በዓለም ቅርስ መዝገብ በመጀመሪያ ከተጻፉት 12 ስፍራዎች አንዱ ሆኗል። ነጭ ሣር እንደ ስሜን አልታወቀም፤ ቢሆንም ለጋሞ ልጅ ደጁ ነው።

ከመውረዳችን በፊት የዶርዜን ቤት እንይ። ቤቱ ያለ ምሰሶና ያለ ሚስማር በቀርከሃ እንደ ትልቅ ቅርጫት የተሠራ ነው፤ አዲስ ሲሆን ቁመቱ ከ10 ሜትር ሊበልጥ ይችላል። ከበሩ በላይ ወደ ፊት የወጣ አፍንጫ የመሰለ ክፍል ስላለው፣ ከሩቅ ላየው ሰው የዝሆን ራስ ይመስላል። ሽማግሌዎችም ዝሆን ቀድሞ በዚህ አገር ይኖር ነበር፤ ቤታችንን በእርሱ አምሳል እንሠራለን ይላሉ። ምስጥ የቤቱን እግር ከታች እየበላ ሲሄድ ባለቤቱ የተበላውን ቈርጦ ይጥላል፤ በዚህም ምክንያት ቤቱ በየጊዜው እያጠረ ይሄዳል። ስለዚህ የቤትን ዕድሜ በቁመቱ መገመት ይቻላል፤ ረጅሙ ወጣት፣ አጭሩ ሽማግሌ ነው። ባለቤቱ ስፍራ መለወጥ ቢፈልግም ጎረቤቶቹ ተሰብስበው ቤቱን እንዳለ ተሸክመው ያዛውሩለታል። በቤቱ ዙሪያ እንሰት ተተክሏል፤ ከእንሰቱም ቆጮ ይጋገራል። ሴቶቹ ጥጥ ይፈትላሉ፤ ወንዶቹ ሸማ ይሠራሉ፤ በአዲስ አበባ ሽሮ ሜዳ የሚሸጠውም የሸማ ሥራ ብዙው የእነርሱ እጅ ነው።

አሁን ከተራራው ጫፍ ቆመን ወደ ታች እንመልከት። ሁለት ሐይቆች ይታያሉ፤ ነገር ግን መልካቸው አንድ አይደለም። በሰሜን ያለው አባያ ስፋቱ ከ1,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ይበልጣል፤ ውሃውም እንደ ሸክላ ቀይ ነው። በደቡብ ያለው ጫሞ ግን ያነሰ ሲሆን ውሃው ሰማያዊ ሆኖ ይታያል። እንግዳ ሰው ይህን ሲያይ አንዱ ሐይቅ በተፈጥሮው ቀይ ይመስለዋል፤ ነገሩ ግን እንዲህ አይደለም። ወደ አባያ የሚገቡት ወንዞች ከየደጋው ጠርገው የሚያመጡት ደቃቅ አፈር በውሃው ውስጥ ተንሳፎ ይኖራል፤ ቀይ መልክ የሚሰጠውም እርሱ ነው። ከጨንቻ በኩል የሚወርደው የሐሬ ወንዝ ከእነዚህ አንዱ ነው። እንግዲህ በዶርዜ ተዳፋት ላይ ያለ ዕርከን የታረሰ መሬት በክረምት ዝናብ ሲታጠብ፣ አፈሩ ከገበሬው ማሳ ወጥቶ ወደ ሐይቁ ይወርዳል። የጋሞ አባቶች ግን በድንጋይ ዕርከን መካብን፣ እንሰት መትከልን፣ በልማድ የተከበሩትንም የዛፍ ሥፍራዎች ሳይነኩ መተውን ያውቁ ነበር፤ ዛሬም ይህን የሚያደርግ አለ።

ቍልቍለቱን ወርደን አርባ ምንጭ ስንደርስ ከከተማው በታች ታላቅ ደን እናገኛለን። ከተማው ስሙን ያገኘው ከተራራው ሥር ከሚፈልቁት ምንጮች ነው። ደጋው የጠጣው ዝናብ በምድር ውስጥ ተጉዞ እዚህ ይወጣል፤ የዛፎቹም ሥር ከምድር በታች ያለውን ውሃ ስለሚያገኝ፣ በበጋ ሌላው አገር ሲደርቅ ይህ ደን አይደርቅም። ሾላዎቹ እጅግ ግዙፎች ናቸው፤ ጉሬዛና ዝንጀሮም ይኖርባቸዋል። የከተማው ሰው የሚጠጣው ከእነዚሁ ምንጮች ነው፤ ከዚሁ ደን ግን ማገዶ ተሸክመው የሚወጡ ሴቶች ብዙ ናቸው። እንጨቱን ሸጠው ልጆቻቸውን የሚያሳድጉ ናቸውና በእነርሱ ላይ መቈጣት ቀላል ነው፤ ሌላ መተዳደሪያ መፈለግ ግን ከባድ ነው።

ከደኑ ባሻገር ሁለቱን ሐይቆች የሚለይ ኮረብታማ ምድር አለ፤ ስሙም የእግዜር ድልድይ ይባላል። እርሱን አልፎ የሚገኘው ሰፊ ሜዳ ነጭ ሣር ነው፤ ሣሩ ሲደርቅ ነጣ ብሎ ስለሚታይ ይህን ስም አገኘ። ፓርኩ የተቋቋመው በ1966 ዓ.ም. ሲሆን፣ ስፋቱ 514 ካሬ ኪሎ ሜትር ነው። በሜዳው የሜዳ አህያ በመንጋ ይግጣል። በጫሞ ዳር ጠዋት ጠዋት ታላላቅ አዞዎች አፋቸውን ከፍተው ፀሐይ ይሞቃሉ፤ ጉማሬም አለ። ወደ ውሃው ዳር በእግር መቅረብ ክልክል ነው፤ አዞ ሳይንቀሳቀስ መዋሉ እንደ ተኛ አያስቈጥረውም።

ፓርኩ እንዲከለል ዋና ምክንያት የሆነው ግን ቆርኬ ነው። ይህ በፈረንጆቹ ስዌይን የሚባል የቆርኬ ዘር ዛሬ ከኢትዮጵያ በቀር በየትም አገር አይገኝም። ያሳዝናል፤ በነጭ ሣር ቍጥሩ እጅግ ተመናምኗል፤ አሁን በብዛት የሚታየው በሰንቀሌ ነው።

ስለ አንዲት ወፍም ልንገራችሁ። በአውሮፓ አቆጣጠር በ1990 ዓ.ም. ከእንግሊዝ አገር፣ ከካምብሪጅ የመጡ ተመራማሪዎች በሜዳው መንገድ ላይ የሞተች ወፍ አገኙ፤ በሌሊት እየበረረች ነፍሳት ከሚበሉት ወገን ነበረች። ሰውነቷ ተደምስሶ ስለ ነበር አንድ ክንፏን ብቻ ወሰዱ። ክንፉ ከታወቁት ወፎች ከአንዱም ጋር ሳይመሳሰል ቀረ፤ ከ5 ዓመት በኋላም ለሳይንስ አዲስ ወፍ ተብላ ሶላላ የሚል ስም ተሰጣት፤ ይኸውም በላቲን ቋንቋ ብቸኛ ክንፍ ማለት ነው። ከመንገድ ላይ የወደቀን ነገር ልብ ብሎ የሚያይ ሰው ምን እንደሚያገኝ ከዚህ ይታያል።

በሜዳው ስለ ሣሩ የቆየ ክርክር አለ። የጉጂ ከብት አርቢዎችና የኮሬ ገበሬዎች ምድሩ ከፓርኩ በፊት የኛ ነበር ይላሉ፤ የፓርኩ ጠባቂዎች ደግሞ ከብቱ ሣሩን ሲጨርሰው ቍጥቋጦ ይወርሰዋል፣ የዱር አራዊትም መኖሪያ ያጣሉ ይላሉ። ሁለቱም እውነት አላቸው። በአውሮፓ አቆጣጠር በ1982 እና በ2004 ዓ.ም. ሰዎቹ በግድ እንዲወጡ ተደረገ፤ ነገሩ ግን በዚህ አላለቀም፤ ከወጡትም የተመለሱ አሉ። ፓርኩን ለማስተዳደር የተዋዋለው አፍሪካን ፓርክስ የተባለው ማኅበርም በ2008 ዓ.ም. በዚያው አቆጣጠር ትቶ ሄደ። በጋሞ ባህል እርጥብ ሣር የዕርቅ ምልክት ነው፤ በመስከረም 2011 ዓ.ም. በአርባ ምንጭ ወጣቶች ለበቀል በተነሡ ጊዜ ሽማግሌዎች እርጥብ ሣር ይዘው በመንገድ ላይ ተንበርክከው መለሷቸው። የነጭ ሣርንም ነገር ከሁሉም ወገን የተውጣጡ እንዲህ ያሉ ሽማግሌዎች ቢይዙት ከኃይል ይሻላል ብለን እናስባለን።

መምህራን ተማሪዎቻቸውን ይዘው ፓርኩን ሊጎበኙ ሲያስቡ አስቀድመው ለጽሕፈት ቤቱ ያስታውቁ፤ ያለ ጠባቂ አይግቡ፤ ቆላው ሙቀት አለውና የሚጠጣ ውሃ ይያዙ። ጉዞው የማይቻል ቢሆን ግን በየመንደሩ የሚደረግ ሥራ አለ። ዝናብ ከዘነበ በኋላ ከዱር ከሚወርድ ምንጭ አንድ ጠርሙስ፣ ከታረሰ ተዳፋት ከሚወርድ ጅረትም አንድ ጠርሙስ ውሃ ቅዱ። ሁለቱን ጠርሙሶች ሳትነቀንቁ አሳድሩ። በማግስቱ ከሥራቸው የዘቀጠውን አፈር በማስመሪያ ለክታችሁ፣ ቀኑንና ጅረቱ የመጣበትን ማሳ ጨምራችሁ በደብተራችሁ ጻፉ።