ባለ ቀለም ኅትመትን መገደብ፦ ቁልፉ የት ይቀመጥ?

በደዶ ወረዳ የሚገኝ አንድ ትምህርት ቤት አንድ ባለ ቀለም ሌዘር ፕሪንተር በኔትወርክ አገናኝቶ ለመምህራኑ ሁሉ አጋራ እንበል። ማሽኑ ከጥቁሩ ሌላ የሳያን፣ የማጄንታና የቢጫ ቶነር አለው፤ ከአራቱ አንዱ ሲያልቅ ጅማ ድረስ መሄድ ግድ ይሆናል። ባለ ቀለም ኅትመትን መገደብ የሚያስፈልገው በዚህ ምክንያት ነው።

በየኮምፒውተሩ ላይ «ጥቁርና ነጭ» የሚለውን መርጦ መተው ምክር እንጂ ቁልፍ አይደለም፤ ተጠቃሚው ወዲያው ሊለውጠው ይችላል። የተሻለው ዘዴ በሰርቨሩ ላይ ለአንዱ ማሽን ሁለት የኅትመት ወረፋ መክፈት ነው። አንደኛው ለሁሉም ክፍት ሆኖ ሰርቨሩ ራሱ ቀለሙን ወደ ግራጫ ይለውጥበታል፤ ሁለተኛው ባለ ቀለም ሲሆን ለተፈቀደላቸው ብቻ ይከፈታል። ይሁንና የፕሪንተሩን የአይፒ አድራሻ የሚያውቅ ሰው ሰርቨሩን አልፎ በቀጥታ ሊያትም ይችላል (ተማሪዎች ይህን ለመድረስ ብዙ ቀን አይፈጅባቸውም)። ስለዚህ ፕሪንተሩ ከሰርቨሩ በቀር ከማንም ሥራ እንዳይቀበል ተደርጎ መስተካከል አለበት።

ወደ ግራጫ መለወጥ ሲባልስ ምን ማለት ነው? የተለመደው ቀመር ቀዩን በ0.299፣ አረንጓዴውን በ0.587፣ ሰማያዊውን በ0.114 አባዝቶ ይደምራል፤ ዓይናችን ለአረንጓዴ ብርሃን ይበልጥ ንቁ ነውና። ከ0 እስከ 255 ባለው መለኪያ የበሰለ የቡና ፍሬን በ200፣ 30፣ 30፤ ቅጠሉን በ40፣ 110፣ 40 ብንወክል ውጤቱ 80.8 እና 81.1 ይሆናል። ፍሬውና ቅጠሉ በወረቀቱ ላይ አንድ ግራጫ ሆኑ ማለት ነው! እንግዲህ የቀይ ቡና ለቀማን በሥዕል የሚያስተምር መምህር ስሙ ከባለ ቀለሙ ወረፋ ሊቀር አይገባም፤ የስብሰባ ጥሪ ግን በግራጫ ቢታተም የሚጎድልበት ነገር የለም።