ስለ መጠጥ ውሃና ስለ ኵላሊት ጠጠር

በድሬዳዋ ውሃ የሚፈላበት ማንቆርቆሪያ ሳይቈይ ነጭ ቅርፊት ይይዛል፡፡ ይህም የከተማችን ውሃ በኖራ ድንጋይ መካከል አልፎ ከጕድጓድ የሚቀዳ ስለሆነ ነው፡፡ ይህን አይቶ «ጠጠር ይሆንብኛል» በማለት የሚጠጣውን ውሃ የሚቀንስ ሰው ግን ከሚፈራው ነገር ይልቅ ይቀርባል፡፡

ምክንያቱን መምህራን በክፍል ውስጥ ሊያሳዩ ይችላሉ፡፡ በብርጭቆ ውሃ ላይ ጨው ጥቂት በጥቂት ቢጨመር በመጀመሪያ ይሟሟል፤ ውሃው ሲጠግብ ግን የተረፈው ከሥር ይዘቅጣል፡፡ ሽንትም እንዲሁ ነው፡፡ ካልሲየም፣ ኦክሳሌትና ዩሪክ አሲድ በውስጡ ሟሙተው ይወጣሉ፤ ውሃው ሲያንስ ግን ሽንቱ ከመጠን በላይ ይጠግብና ደቃቅ ክሪስታል ይረጋበታል፤ ይህም እየተጣበቀ ጠጠር ይሆናል፡፡

አገራችን ቆላ እንደ መሆኑ ብዙ ውሃ በላብ ይወጣል፤ ለኵላሊት የሚተርፈው ጥቂት ነው፡፡ ስለዚህ ይበልጥ የሚያሰጋን የውሃው ኖራ ሳይሆን የውሃው ማነስ ነው፡፡

በ24 ሰዓት ውስጥ የሚወጣው ሽንት ከ2 እስከ 2.5 ሊትር እንዲደርስ በቂ ውሃ መጠጣት ይገባል፤ የሽንቱ መልክ ገርጣ ማለቱ ምልክቱ ነው፡፡ ሐኪም ውሃ እንዲቀንስ ያዘዘው ሰው ግን ትእዛዙን ይጠብቅ፡፡ የሎሚ ጭማቂ ጠጠር እንዳይረጋ ይረዳል፤ ጨው ማብዛት ግን በሽንት የሚወጣውን ካልሲየም ይጨምራል፡፡ ወተትን መተው አያስፈልግም፡፡

ጎኑን አጥብቆ የሚያመው፣ ደም የሚሸና፣ ይልቁንም ትኵሳት የተጨመረበት ሰው ሳይዘገይ ወደ ሐኪም ቤት እንዲሄድ እናሳስባለን፡፡