ናፍጣ ያለቀበትን የጭነት መኪና ስለ ማስነሣት

በመተከል የድባጤን ሰሊጥና ለውዝ ጭኖ ወደ ቻግኒ የሚመጣ የጭነት መኪና በመንገድ ላይ ናፍጣ ቢያልቅበት፣ ጉዳቱ የሾፌሩ ብቻ አይደለም፤ ዕቃውን በቀነ ቀጠሮ ለማስረከብ የተዋዋለውንም ነጋዴ ይነካል። ናፍጣ በጀሪካን መጥቶ ከተጨመረ በኋላ ሞተሩ እንቢ ሲል፣ ብዙዎች ሞተሪኖውን ደጋግመው ይመታሉ። በዚህም ባትሪው ይደክማል፤ ሞተሪኖውም ሊቃጠል ይችላል፤ ሞተሩ ግን አይነሣም።

ምክንያቱ የሚከተለው ነው። ሩዶልፍ ዲዝል በፈረንጆች አቈጣጠር በ1897 ለውጤት ያበቃው ሞተር ካንዴላ የለውም፤ ናፍጣው የሚቀጣጠለው ታምቆ በጋለ አየር ውስጥ በኃይል ሲረጭ ነው። ለዚህም ፖምፓው ናፍጣውን በከፍተኛ ግፊት ወደ ኢንጀክተሩ መግፋት አለበት። ናፍጣ ሲገፉት እምብዛም አይታመቅም፤ አየር ግን በኳስ ውስጥ እንዳለ ነፋስ ይታመቃል። ስለዚህ በቱቦው ውስጥ አየር ካለ የፖምፓው ጉልበት አየሩን በማመቅ ብቻ ያልቃል፤ ኢንጀክተሩም አይከፈትም።

የእጅ ፖምፓ ባላቸው የቀድሞ ዓይነት ሞተሮች ሥራው በዚህ ተራ ይፈጸማል።

1ኛ/ ንጹሕ ናፍጣ በበቂ መጠን ይጨመር። መኪናው አቀበት ላይ ከቆመ፣ ጥቂት ናፍጣ ወደ መሳቢያው ቱቦ ላይደርስ ይችላል።

2ኛ/ በፊልትሮው ላይ ያለው የአየር ማስወጫ ብሎን ይላላ፤ የእጅ ፖምፓውም ይመታ። አረፋ የሌለበት ናፍጣ ሲወጣ፣ ናፍጣው እየፈሰሰ ሳለ ብሎኑ ይጠበቅ።

3ኛ/ በትልቁ ፖምፓ ላይ የአየር ማስወጫ ብሎን ካለ እንዲሁ ይደረግ።

4ኛ/ ሞተሪኖው ከ15 ሴኮንድ ላልበለጠ ጊዜ ይመታ፤ ካልተነሣም አንድ ደቂቃ ያህል ዐርፎ ይደገም።

ማስጠንቀቂያ፤ ኮመን ሬል በሚባለው የዛሬ ሞተር ሞተሪኖ ሲመታም ሆነ ሞተሩ ሲሠራ የኢንጀክተር ቱቦ ፈጽሞ እንዳይፈታ። ግፊቱ ከ1000 ባር ሊበልጥ ስለሚችል የሚረጨው ናፍጣ ቆዳ በስቶ ይገባል። ለእነዚህ ሞተሮች የአምራቹን መመሪያ መከተል ግዴታ ነው።

እንግዲህ የመለዋወጫ ዕቃ ነጋዴዎች ፊልትሮውን ሲሸጡ ለብሎኑ የሚሆነውን የመዳብ ሮንዴላ አብረው ቢይዙ ለደንበኞቻቸው ትልቅ አገልግሎት ይሆናል፤ ያረጀ ሮንዴላ አየር መልሶ ያስገባልና። ባለመኪናዎችም ናፍጣው ከታንኩ ሩብ በታች ሳይወርድ መሙላትን ደንብ ቢያደርጉ፣ ይህ ሁሉ ድካም ባልደረሰባቸው ነበር።