የሃይብሪድ መኪና የካምቢዮ ዘይት፦ ሥራው፣ ዕድሜውና አቀያየሩ

በዋሽንግተንና በአካባቢዋ በታክሲ ሥራ የተሰማሩ ኢትዮጵያውያን ብዙ ናቸው፤ ከሚያሽከረክሯቸው መኪኖች መካከልም ቶዮታ ፕሪየስ በብዛት ይታያል። ብዙዎች መኪናውን የሚገዙት ሌላ ሰው ለዓመታት ከነዳው በኋላ ነው። ገዢው የሞተር ዘይቱ መቼ እንደተቀየረ ይጠይቃል፤ የባትሪውንም ጤንነት ያስመረምራል። የካምቢዮው ዘይት ግን ብዙ ጊዜ ይዘነጋል። ይህ ዘይት በሃይብሪድ መኪና ውስጥ ማርሽ ከማለስለስ ያለፈ ኃላፊነት አለበት። አቀያየሩ ከባድ አይደለም፤ ነገር ግን ያለ ዓይነቱ የተሞላ ዘይት ወይም በስሕተት የተፈታ አንድ ብሎን ለእንጀራ የምትሠራን መኪና ከሥራ ሊያስወጣ ይችላል።

በካምቢዮው ውስጥ ምን አለ?

እ.ኤ.አ. ከ2004 እስከ 2009 የተመረተውን ፕሪየስ እንደ ምሳሌ እንውሰድ። ካምቢዮው ፍሪሲዮን የለውም፤ ከአንደኛ ወደ ሁለተኛ የሚለዋወጥ ማርሽም የለውም። በምትኩ የፕላኔት ማርሽ የሚባል ስብስብ አለው፦ በመካከል 30 ጥርስ ያለው «ፀሐይ»፣ በዙሪያው የሚሽከረከሩ «ፕላኔቶች»፣ ሁሉንም የሚከብ 78 ጥርስ ያለው «ቀለበት»። የቤንዚኑ ሞተር ፕላኔቶቹን የተሸከመውን ክፍል ያዞራል። ፀሐይዋ በአብዛኛው እንደ ጄነሬተር ከሚያገለግለው የመጀመሪያው የኤሌክትሪክ ሞተር ጋር፣ ቀለበቱ ደግሞ ከሁለተኛው የኤሌክትሪክ ሞተርና ከጎማዎቹ ጋር ተያይዘዋል። በጥርሶቹ ቁጥር ምክንያት የቤንዚኑ ሞተር የማዞር ጉልበት 72 በመቶ ገደማው ወደ ቀለበቱ፣ 28 በመቶ ገደማው ወደ ፀሐይዋ ይሄዳል።

ሁለቱ የኤሌክትሪክ ሞተሮች የሚገኙት ከማርሾቹ ጋር በአንድ ቤት ውስጥ ነው። ስለዚህ ዘይቱ ጥርሶቹን ከማለስለስ ባሻገር ከሞተሮቹ የመዳብ ጥቅልሎች ሙቀት ይወስዳል። በእነዚህ ጥቅልሎች ላይ የሚያርፈው የኤሌክትሪክ ግፊት እስከ 500 ቮልት ይደርሳል። በመሆኑም ዘይቱ ኤሌክትሪክ የማያስተላልፍ፣ መዳቡንና መሸፈኛውንም የማይጎዳ መሆን አለበት።

አምራቹ ለዚህ ሞዴል ያዘዘው ዘይት ቶዮታ ኤቲኤፍ ደብሊው ኤስ ነው። እዚህ ላይ አንድ አሳሳች ነገር አለ። ካምቢዮው «ኢ-ሲቪቲ» ተብሎ ስለሚጠራ፣ ለሲቪቲ ካምቢዮ የተዘጋጀ ዘይት የሚስማማው የሚመስላቸው አሉ። የሲቪቲ ዘይት ግን የብረት ቀበቶና መዘውር እንዳይንሸራተቱ ታስቦ የተቀመመ ነው፤ በፕሪየስ ካምቢዮ ውስጥ እንዲህ ያለ ቀበቶ የለም።

ዘይቱ ያረጃል?

ዘይቱ በሙቀትና በአየር ምክንያት ቀስ በቀስ ባሕርዩን ይለውጣል፤ ከማርሾቹ የሚፋቅ ደቃቅ ብረትም ይጠራቀምበታል። አዲስ ሲሆን ቀይ የነበረው ከረጅም አገልግሎት በኋላ ጠቁሮ ይወጣል። ፍሪሲዮን ስለሌለ እርጅናው አዝጋሚ ነው፤ ሆኖም ታሪኩ ባልታወቀ ያገለገለ መኪና ላይ አንድ ጊዜ መቀየር ምክንያታዊ ጥንቃቄ ነው።

አቀያየሩ

በመጀመሪያ መኪናው ሙሉ በሙሉ ይጥፋ፤ ቁልፉም ከመኪናው ይራቅ። ሃይብሪድ መኪና ድምፅ ሳያሰማ ለጉዞ ዝግጁ ሆኖ ሊቆም፣ የቤንዚኑ ሞተርም በራሱ ሊነሳ ይችላል። መኪናው በክሪክ ብቻ ተንጠልጥሎ ማንም ከሥሩ አይግባ፤ በጠንካራ የብረት መደገፊያዎች ላይ ይረፍ። የዘይቱ ልክ የሚነበበው ዝንባሌ በሌለው መኪና ላይ ስለሆነ ከፊትም ከኋላም እኩል ከፍ ይበል። ብርቱካንማ ሽቦዎች ከፍተኛ ቮልት የሚያልፍባቸው ናቸውና አይነኩ።

በዚህ ሞዴል ሥር የሚገኙ ሦስት የማፍሰሻ ብሎኖች በቀላሉ ይምታታሉ፦ የሞተሩ ዘይት፣ የካምቢዮው ዘይትና የማቀዝቀዣው ፈሳሽ። ከመፍታት በፊት በጥገና መጽሐፉ ሥዕል ላይ ለይቶ ማወቅ ያስፈልጋል። ከተፈታው ቀዳዳ ሐምራዊ ውሃ መሰል ፈሳሽ ከወጣ የተከፈተው የማቀዝቀዣው ነው።

ካምቢዮው ላይ አስቀድሞ የሚፈታው የመሙያው ብሎን ነው። የማፍሰሻው ቀድሞ ተከፍቶ የመሙያው አልፈታ ቢል መኪናው ያለ ዘይት ባለበት ይቀራል። ዘይቱ ፈስሶ ሲያልቅ መልኩን መመልከት ይጠቅማል፤ እንደ ዱቄት የላመ ግራጫ ብረት የተለመደ ነው፤ በጣት የሚያዝ ስባሪ ከታየ ግን ባለሙያ ሊያየው ይገባል።

ከዚያ የማፍሰሻው ብሎን አዲስ ሮንዴላ ገብቶለት ይጠበቃል፤ ለሁለቱም ብሎኖች የታዘዘው ልክ 39 ኒውተን ሜትር ነው። አዲሱ ዘይት በእጅ ፓምፕና በቱቦ በመሙያው ቀዳዳ ይገባል። መጠኑ 3.8 ሊትር ገደማ ነው። ካምቢዮው የዘይት መለኪያ ዘንግ ስለሌለው ትክክለኛው ልክ ዘይቱ ከመሙያው ቀዳዳ የታችኛው ከንፈር እኩል ወይም ቢበዛ 10 ሚሊሜትር ዝቅ ሲል ነው። የመሙያው ብሎን ከተዘጋ በኋላ መኪናው ይነሳል፤ በብሎኖቹ ዙሪያ የሚንጠባጠብ ነገር አለመኖሩም ይታያል። አሮጌው ዘይት በዕቃ ተጠራቅሞ ያገለገለ ዘይት ወደሚቀበል ቦታ ይወሰዳል፤ ወደ ቦይ አይደፋም።

ጋራዥ ለሚመርጡም

ሥራውን ራሳቸው የማይሠሩ ባለንብረቶችም ይህን ማወቃቸው ይጠቅማቸዋል። ፕሪየስን በማያውቅ እጅ ከሚፈጸሙ ስሕተቶች አንዱ የሞተር ዘይት ለመቀየር ተብሎ የካምቢዮውን ዘይት ማፍሰስ ነው። በዚህ ጊዜ አሮጌው የሞተር ዘይት እንዳለ አዲሱ ይጨመርበታል፤ ካምቢዮው ግን ባዶውን ይቀራል። ስለዚህ የሞተር ዘይት ከተቀየረ በኋላ፣ ከጋራዡ ሳይወጡ፣ የሞተሩን የዘይት መለኪያ ዘንግ አውጥቶ ማየት ተገቢ ነው። ዘይቱ ከላይኛው ምልክት እጅግ ካለፈ መኪናውን ማንቀሳቀስ አይገባም፤ የካምቢዮው ዘይት መኖሩ በመሙያው ቀዳዳ ይፈተሽ።