ክሬኑ ይቆይ፣ ጎሚስታው ይቅደም

ከአዲስ አበባ ወደ ምሥራቅ 225 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቆ የሚገኘው አዋሽ ሰባት ኪሎ፣ የአገሪቱ ጭነት ቀንና ሌሊት የሚያልፍበት ከተማ ነው። ከከተማው አለፍ ሲባል መንገዱ ለሁለት ይከፈላል፤ አንደኛው በገዋኔና በሚሌ ወደ ጋላፊ፣ ሌላው በሚኤሶ ወደ ድሬዳዋ ይሄዳል። ከኢትዮጵያ ገቢና ወጪ ንግድ ከ90 በመቶ በላይ የሚሆነው በጅቡቲ ወደብ በኩል ነው። ባቡሩ ታኅሣሥ 2010 ዓ.ም. መደበኛ ሥራ ቢጀምርም፣ አብዛኛውን ጭነት ዛሬም የሚያመላልሱት ተሳቢና ቦቴ ናቸው።

ዴንቨር ወይም ሚኒያፖሊስ ውስጥ ለዓመታት የጭነት መኪና የነዳ ሰው እዚህ ጋራዥ ልክፈት ቢል አይፈረድበትም። ስህተቱ የሚጀምረው ከግዥው ላይ ነው። ብዙ ጊዜ መጀመሪያ የሚታሰበው ትልቁ ክሬን ነው፤ ፎቶው ያምራል፣ ለዘመድም ያስረዳል።

ክሬን ግን የክፉ ቀን ሥራ ነው። ተሳቢ ሲገለበጥ ትራፊክ ፖሊስ ይመጣል፣ ጭነቱ ወደ ሌላ መኪና ይዛወራል፣ የመድን ድርጅቱ ይጠየቃል፤ ከዚያ በኋላ ነው ማንሳት የሚጀመረው። ክፍያው ደግሞ ከሥራው ብዙ ዘግይቶ ሊደርስ ይችላል። ያገለገለ ተሽከርካሪ ለማስገባት የሚከፈለው ኤክሳይዝ ታክስም ዕድሜው በገፋ ቁጥር ይከብዳል።

የየዕለቱን ገንዘብ የሚያመጣው ሙቀቱ ነው። በዚያ በረሃ ጎማ ይፈነዳል፣ ራዲያተር ይፈላል፣ የፍሬን ሸራ ያልቃል፣ ባሌስትራ ይሰበራል። ስለዚህ ጎሚስታ፣ ኮምፕረሰር፣ ብየዳና የራዲያተር ጥገና ይቀድማሉ። ቀጥሎ አንድ ጠንካራ ፒካፕ ከሁለት መካኒክ ጋር ይግባ። ከአዋሽ እስከ ሚሌ 300 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ መሐል ላይ የቆመ ሹፌር ጭነቱን ጥሎ መካኒክ ፍለጋ አይሄድም፤ የሚከፍለው ያለበት ድረስ ለሚደርስለት ነው።

ከአሜሪካ ዕቃ ጭኖ ለመላክ የሚያስብ ሰው ሁለት ነገር ያጣራ። በኢንች የተለካ ቁልፍ ለሲኖትራክና ለኢቬኮ ብሎን አይሆንም፤ የ110 ቮልት ማሽን ደግሞ በአገሩ 220 ቮልት መብራት ላይ ሲሰካ ይቃጠላል። መብራት ሲጠፋ ሥራ እንዳይቆም በናፍጣ የሚሠራ ኮምፕረሰር ቢጨመር ይመረጣል። የመለዋወጫው ዋጋ የሚከተለው ምንዛሪውን ነው። ሐምሌ 2016 ዓ.ም. ምንዛሪው ለገበያ ሲተው ብር በሳምንታት ውስጥ ግማሽ ያህል ዋጋውን አጥቷል። የዚያን ጊዜ መጋዘኑ ውስጥ ኩሽኔታና ፍሪሲዮን የነበረው ነጋዴና ባዶ መደርደሪያ ይዞ የቆየው ነጋዴ እኩል አልነበሩም።

ሕጋዊው መነሻ ለትውልደ ኢትዮጵያዊ የሚሰጠው መታወቂያ፣ ቢጫ ካርዱ ነው። በአዋጅ 270/1994 መሠረት የውጭ ዜግነት ያለው ትውልደ ኢትዮጵያዊ እንደ አገር ውስጥ ባለሀብት መቆጠር ይችላል፤ ለውጭ ባለሀብት ለአንድ ፕሮጀክት የተጣለው የ200,000 ዶላር ዝቅተኛ ካፒታልም አይመለከተውም። በአንጻሩ ትርፉን በዶላር የማውጣት ዋስትና የተሰጠው ለውጭ ባለሀብት ነው። ትርፉን ወደ ሚኒያፖሊስ ሊያወጣ ያሰበ ሰው ከመፈረሙ በፊት ይህን ይወቅ።

መሬቱ በሊዝ ይገኛል፤ ሰፈሩ ግን የአፋር ነው። ከማዘጋጃ ቤቱ ወረቀት ጎን ለጎን የጎሳ ሽማግሌዎችን ቀርቦ ማነጋገርና የአካባቢውን ልጆች ሙያ ማስተማር ያስፈልጋል። በዳጉ፣ በአፋሮች የወሬ ልውውጥ ልማድ፣ የሚዞረው ወሬ ደግም ሆነ ክፉ ቀድሞ ይደርሳል። ስለ ግንባታውም አንድ ነገር አለ፤ በ2017 ዓ.ም. በአዋሽ ፈንታሌና በዱለቻ የመሬት መንቀጥቀጥ ደጋግሞ ነዋሪዎችን አፈናቅሏል። ለጋራዥ ከከባድ የብሎኬት ግድግዳ ይልቅ በብረት የቆመ ቀላል ሼድ የተሻለ ነው።

ከሁሉ የሚከብደው ቤተሰቡ ነው። ታላቅ ወንድም አዋሽ ላይ ሥራውን ይመራል፣ ታናሹ ከውጭ ይልካል እንበል። የሚላከው ገንዘብ ካፒታል ይሁን ብድር ወይም እርዳታ ካልተጻፈ፣ ከሁለት ዓመት በኋላ ሁለቱም የየራሳቸውን እውነት ይዘው ይጣላሉ። ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር አቋቁሞ ድርሻን መለየት፣ ለወንድምም ወርኃዊ ደመወዝ መቁረጥ ነው የሚበጀው። ደመወዝ የሌለው ወንድም ከካዝናው ያወጣል፤ ይህ ደግሞ ሌብነት ሳይሆን ኑሮ ነው። ለእሱ የሚሰጠው ውክልናም ተለይቶ ይጻፍ። በፍትሐ ብሔር ሕጉ ጠቅላላ ውክልና ለማስተዳደር ብቻ ይበቃል፤ የማይንቀሳቀስ ንብረት ለመሸጥ ወይም በዋስትና ለማስያዝ ልዩ ውክልና ያስፈልጋል። ዱቤም በቃል አይሁን፤ የትኛው የትራንስፖርት ማኅበር እስከ ስንት እንደሚፈቀድለት በመዝገብ ይስፈር።

ክሬኑ የሚገዛው ከማኅበራትና ከመድን ድርጅቶች ጋር የጽሑፍ ውል ከተፈረመ፣ ማሽኑን የሚያውቅ ኦፕሬተርም ከተገኘ በኋላ ነው። ውሉ ላይ የመጎተቻው ዋጋ በኪሎ ሜትር ይግባ፤ ጭነት እስኪራገፍ ክሬኑ ቆሞ የሚጠብቅበትን ሰዓት ማን እንደሚከፍልም እዚያው ይጻፍ።