ሰባት ቤት መቁጠር

ስማችሁ ማን ነው? የአባታችሁስ? የአያታችሁስ? እስከዚህ ድረስ ማንም ቶሎ ይመልሳል። እስቲ አሁን ደግሞ የእናታችሁን እናት፣ የእሷንም እናት ስም ንገሩን። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ዝም ይላል።

እኛም ዝም ብለናል። አያታችን በሕይወት ሳሉ አጠገባቸው ተቀምጠን የአባታቸውን ወገን ጠየቅናቸው። ሰባት ስም ቆጠሩልን፤ ኩራት ተሰማን። የእናታቸውን ወገን ግን «ሌላ ቀን እንጠይቃለን» ብለን ተውነው። ያ ሌላ ቀን ሳይመጣ አያታችን ዐረፉ። በዚያ በኩል አሁን ያለን አንድ ስም ብቻ ነው። እሱም ቢሆን ልክ ይሁን አይሁን የሚነግረን ሰው የለም። እናንተ ዘንድ ገና የሚጠየቅ ሽማግሌ ወይም ባልቴት ካለ እንድትፈጥኑ ብለን ይህን ትምህርት ጽፈናል።

በወገራ ደጋም ሆነ በስሜን ተራራ፣ በደንቢያ ሜዳም ሳይቀር፣ ዘር መቁጠር የቆየ ልማድ ነው። ይቆጠር የነበረው በሁለት ምክንያት ነበር። አንደኛው ጋብቻ ነው። ልጆች ከመተጫጨታቸው በፊት የሁለቱ ወገን ሽማግሎች ተቀምጠው ይቆጥራሉ። እስከ ሰባት ቤት ድረስ ሁለቱን የሚያገናኝ አንድ አያት ከተገኘ ጋብቻው ይቀራል። ይህ ልማድ የአንድ ሃይማኖት ብቻ አልነበረም። ከጎንደር ዙሪያ መንደሮች፣ ከወለቃና ከአምቦበር፣ ወደ እስራኤል የሄዱት ቤተ እስራኤሎችም ሰባት ቤት ይቆጥሩ ነበር። አገር ለውጠው እንኳ ሽማግሎቻቸው ሙሽሮችን «የማን ልጅ፣ የማን የልጅ ልጅ» እያሉ መጠየቃቸውን አልተዉም።

ሁለተኛው ምክንያት ርስት ነበር። መሬት የሚጠይቅ ሰው መሬቱን መጀመሪያ ካቀናው አባት መወለዱን ማስረዳት ነበረበት። ልብ በሉ፤ በጎንደር አገር ርስት የሚወርደው በአባት በኩል ብቻ አልነበረም። በእናትም፣ በሴት አያትም በኩል ይወርድ ነበር። ስለዚህ ሙግት ያለበት ሰው የሴቶቹን ስም ሳይቀር ጠንቅቆ ያውቅ ነበር። ዳኛ ፊት ቆሞ «እገሌ እገሊትን ወለደ፣ እገሊት እገሌን ወለደች» እያለ ይቆጥር ነበር። ሐሰት አልነበረበትም ማለታችን ግን አይደለም። የሰው መሬት ያማረው አያት ይፈጥር ነበር። መሬቱን የያዘውም እውነተኛውን አያት ይክድ ነበር። በዚህ የተነሳ ስንት ሙግት ከአባት ወደ ልጅ ተላልፏል!

የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የወጣው የገጠር መሬት አዋጅ ይህን አስቀረው። ከዚያ ወዲህ ከሩቅ አያት ዘር ቆጥሮ መሬት የሚጠይቅ የለም። ሙግቱ ቀረ፤ እሰየው። ነገር ግን ከሙግቱ ጋር ስሙም ቀረ። ልጆች የማይሟገቱበትን ነገር ለምን ብለው ይማሩ? ቶሎ የጠፋው ደግሞ የሴቶቹ ስም ነው። ስንጠራ አባታችንንና አያታችንን እናስጠራለን እንጂ እናታችንን አናስጠራም። የሴቶቹን ስም ከሰው አፍ ሳይጠፋ ያቆየው ርስቱ ነበር።

እስቲ ሒሳብ እንሥራ። ሰው ሁሉ 2 ወላጆች አሉት። አያቶቹ 4 ናቸው። ቅድመ አያቶቹ 8፣ ቅም አያቶቹ 16 ይሆናሉ። ከዚያ በላይ 32፣ ቀጥሎ 64፣ በሰባተኛው ቤት 128 ይሆናሉ። ሁሉም ሲደመሩ 254 ሰዎች ናቸው። እንግዲህ «ሰባት አባት ቆጠርሁ» ብሎ የሚኮራ ሰው ከ254 ወላጆቹ ያወቀው 7ቱን ብቻ ነው። 247 ሰዎች ቀርተውታል። እኛም ያን ጊዜ የኮራነው በዚህችው በሰባቷ ነበር።

ከሰው ልብ የጠፋው ስም ከወረቀት ይገኝ ይሆን? ይገኝባቸዋል የሚባሉ አገሮች አሉ። አንዷ ስኮትላንድ ናት። ከእንግሊዝ በስተሰሜን የምትገኝ፣ ተራራና ዝናብ የበዛባት አገር ናት። እዚያ እያንዳንዱ አጥቢያ ቤተ ክርስቲያን የተጠመቁትን ሕፃናትና የተጋቡትን በመዝገብ ይጽፍ ነበር። በፈረንጅ አቆጣጠር በ1552 የቤተ ክርስቲያን ጉባኤ እንዲህ እንዲደረግ አዘዘ። እስከ ዛሬ ከተረፉት ሁሉ የሚቀድመው ኤሮል የሚባለው አጥቢያ መዝገብ ነው፤ የሚጀምረው በ1553 ነው። ከፈረንጅ ዓመት ሰባት ወይም ስምንት ሲቀነስ የእኛ ዓመት ይገኛል። ያን ጊዜ በእኛ አገር የነገሡት ዐፄ ገላውዴዎስ ነበሩ። በ1855 መንግሥት ራሱ ልደትን፣ ጋብቻንና ሞትን መመዝገብ ጀመረ። የድሮዎቹ የአጥቢያ መዝገቦችም በዋናው ከተማ በኤዲንብራ ተሰብስበዋል። የገበሬ ልጅ ሄዶ ቅም አያቱ የተጠመቁበትን ቀን በዓይኑ ያነባል።

ታዲያ የእነሱም መዝገብ ሙሉ አይደለም። በ1783 መንግሥት በመዝገብ በሚጻፈው በእያንዳንዱ ስም ላይ የሦስት ሳንቲም ያህል ቀረጥ ጣለ። ድሆች ልጆቻቸውን አስጠመቁ፤ ማስጻፉን ግን ተዉት። ቀረጡ እስከ 1794 ቆየ። በእነዚያ ዓመታት የተወለዱ የብዙ ድሆች ልጆች ስም ከመዝገቡ የለም። ለጥቂት ሳንቲም ሲባል ስንት ሰው ከልጅ ልጆቹ ጠፋ!

ከስኮትላንድ ሰዎች አንዱ ጎንደር ድረስ መጥቶ ነበር። ጄምስ ብሩስ ይባላል። በ1762 ዓ.ም. ጎንደር ገብቶ በቁስቋም በእቴጌ ምንትዋብ ግቢ ተቀምጧል። ይህ ሰው በዘሩ በጣም ይኮራ ነበር። ነገር ግን «ብሩስ» የሚለው ስም ከወንድ አያቱ የመጣ አልነበረም። ወንድ አያቱ ሄይ የሚባል ሌላ የቤተሰብ ስም ነበራቸው። የመሬቱ ወራሽ ሴት አያቱ ስለ ነበሩ ባልዮው የሚስታቸውን ቤት ስም ያዙ። ይህን የጎንደር ሽማግሌ ቢሰማ «በሴት አያቱ ገብቶ ነዋ!» ብሎ ነገሩን ወዲያው ይረዳው ነበር።

ወደ አገራችን እንመለስ። በእኛ አብያተ ክርስቲያናት እንደ ስኮትላንድ ያለ የጥምቀት መዝገብ የመያዝ ልማድ ድሮ አልነበረም። ይሁን እንጂ ጽሑፍ አልነበረም ማለት አይደለም። በጎንደር አድባራት የወንጌሉና የሌላው ብራና ባዶ ገጽ ላይ፣ በጠርዙም ላይ፣ የመሬት ነገር ይጻፍ ነበር። ማን ሸጠ፣ ማን ገዛ፣ በስንት ወርቅ ወይም በስንት አሞሌ፣ ዋሱ ማን ነበር፣ ምስክሮቹ እነማን ነበሩ የሚል ነው። ከሻጮቹና ከገዢዎቹ መካከል ብዙ ሴቶች አሉ። እንግዲህ የአንዲት ባልቴት ስም በአፍ ቢጠፋ በብራና ላይ ተርፎ ሊሆን ይችላል።

ብራናውም ቢሆን ብዙ መከራ አይቷል። በ1859 ዓ.ም. ዐፄ ቴዎድሮስ ጎንደርን ሲያቃጥሉ መጻሕፍቱ ወደ መቅደላ ተጋዙ። በ1860 ዓ.ም. እንግሊዞች መቅደላን ሲይዙ ከዚያ ብዙዎቹን ወደ አገራቸው ወሰዷቸው። በ1880 ዓ.ም. ደግሞ ደርቡሽ ገብቶ አብያተ ክርስቲያናቱን አቃጠለ። ደብረ ብርሃን ሥላሴን የመሰለ የተረፈ ጥቂት ነው። ስለዚህ በደብራችሁ የቆየ ብራና ካለ ዕድለኞች ናችሁ። ካህኑን በአክብሮት ጠይቁ። ቅጠሉን እናንተ አትግለጡት፤ እሳቸው ያንብቡላችሁ።

ሌላ አስቸጋሪ ነገር አለ። አንድ ሰው ሁለት ስም አለው። ወንድ በ40፣ ሴት በ80 ቀን ክርስትና ሲነሡ ሌላ ስም ይወጣላቸዋል። መንደር በአንዱ ስም የሚያውቀው ሰው ለተዝካርና ለጸሎት የሚጠራው ወልደ ሚካኤል ወይም ወለተ ማርያም ተብሎ ነው። ይህን ያላወቀ ሰው አንዱን አያት ሁለት አድርጎ ይቆጥራል። የቤት ስሙንም የክርስትና ስሙንም ጎን ለጎን ጻፉ።

ዓመቱስ እንዴት ይታወቃል? ባልቴቷን «በስንት ዓመተ ምሕረት ተወለዱ?» ብትሏቸው «እኔ ምን አውቄ!» ይሏችኋል። «እምየ፣ ጣሊያን ሲገባ አንቱ ምን ታህሉ ነበር?» ብትሏቸው ግን ወዲያው ይነግሯችኋል። ጣሊያን አገራችንን የወረረው በ1928 ዓ.ም. ነው፤ ጎንደር ላይ የተሸነፈው በኅዳር 1934 ነው። ያን ያዩ ዛሬ ጥቂት ናቸው፤ ከእናታቸው የሰሙ ግን ብዙ ናቸው። የሕዳር በሽታ በ1911፣ ዓድዋ በ1888 ነው። ክፉ ቀን የሚባለው ትልቁ ረኃብ የጀመረው በ1880 ገደማ ነው። «እናቴ በሕዳር በሽታ ዓመት ድኽ ትል ነበር» ያለ ሰው የእናቱን የልደት ዓመት ነገራችሁ ማለት ነው፤ 1910 ገደማ ብላችሁ ጻፉ። «ገደማ» የምትለዋን ቃል አትርሱ።

አንድ ነገር በግልጽ እንናገር። ዘር መቁጠር ለንቀት የዋለበት ጊዜ ብዙ ነው። ቀጥቃጩ፣ ሸማኔው፣ ሸክላ ሠሪዋ፣ በባርነት የኖረው ሰው በዘሩ ተሰድቧል። በቆጠራ መካከል እንዲህ ያለ ስም ሲመጣ ሽማግሌው ያስላል፣ ወይም ዘሎ ያልፋል። እኛም አንድ ቦታ ላይ እንዲህ ያለ ሳል ሰምተናል። ቆይተን ብቻቸውን ጠየቅናቸው። የተዘለለችው ሴት ሸክላ እየሠራች ስድስት ልጆች ያሳደገች ነበረች። ከልጆቿም አንዱ የእኛው ቅድመ አያት ነው። ስሟን ጻፍነው፤ ሥራዋንም ከስሟ ጎን ጻፍነው።

ለመጻፍ አንድ ደብተር ይበቃል። ከታች የራሳችሁን ስም ጻፉ። ከበላዩ በቀኝ አባትን፣ በግራ እናትን ጻፉ። ከእያንዳንዳቸው በላይ ደግሞ ሁለት ሁለት ሰው ጻፉ። የማታውቁትን ቦታ ባዶ ተዉት እንጂ በግምት አትሙሉት። ማን እንደ ነገራችሁም ጻፉ፤ ሁለት ሽማግሎች ሁለት ዓይነት ቢነግሯችሁ ሁለቱንም አስቀምጡ። ለልጆቻችሁ ደግሞ ነገሩ ቀሏል። የልደት፣ የጋብቻና የሞት ምዝገባ በ2004 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ታዝዞ በ2008 ዓ.ም. ተጀምሯል። ሕፃን ሲወለድ በቀበሌ አስመዝግቡ። በዚያ ወረቀት ላይ የእናትም ስም ይጻፋል።

መልመጃ

1. የእናታችሁን እናት ሙሉ ስም ጻፉ። ካላወቃችሁ የሚያውቀውን ሰው ስም ጻፉ።
2. አንድ ሰው በአምስተኛው ቤት ስንት ወላጆች አሉት?
3. «አባቴ ጎንደር ነፃ ስትወጣ የሰባት ዓመት ልጅ ነበር» ያለ ሰው አባቱ የተወለደው በስንት ዓመተ ምሕረት ገደማ ነው?