ስለ መዋጥ ችግር የሚቀርብ ጥያቄ ከቋንቋ ወደ ቋንቋ ሲሻገር

በዚህ የጤና ትምህርት የምናነሣው ምግብና መጠጥ ለመዋጥ ስለሚቸገሩ ሰዎች ነው። ችግሩ ስትሮክ በመታቸው፣ የፓርኪንሰን ሕመም ወይም የጉሮሮ ካንሰር ባለባቸው ሰዎች ላይ በብዛት ይታያል። የተዋጠው ነገር ወደ ሆድ መውረዱ ቀርቶ ወደ ሳንባ ከገባ የሳንባ ምች ሊያስከትልና ሊገድል ይችላል።

ሐኪሞች ችግሩን ቶሎ ለመለየት ከሚጠቀሙባቸው መንገዶች አንዱ አጭር መጠይቅ ነው። በ2008 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ የወጣው ኢት-10 የተባለው መጠይቅ አሥር ጥያቄዎች አሉት። ሕመምተኛው ለእያንዳንዱ ከ0 (ምንም ችግር የለም) እስከ 4 (ከባድ ችግር) ነጥብ ይሰጣል። ድምሩ 3 ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ ተጨማሪ ምርመራ ያስፈልገዋል። ከ40 ነጥብ 3 እጅግ ጥቂት ነውና አንዲት ጥያቄ በትክክል ሳትገባው ብትቀር ሕመምተኛው “ደህና ነህ” ተብሎ ሊሰናበት ይችላል።

ይኸው መጠይቅ ለግሪክኛ ተናጋሪዎች ተዘጋጅቶ ጥናቱ በ2018 እ.ኤ.አ. ታትሟል። ሥራው የተሠራው ቅዱስ ጳውሎስ መልእክት በጻፈላት በተሰሎንቄ ባሉ ሐኪሞች ነው። ተርጉሞ ማባዛት ብቻ አልበቃቸውም፤ በነርቭ ሕመም እንዲሁም በራስና በአንገት ካንሰር ምክንያት መዋጥ ባቃታቸው ሰዎች ላይ ፈትነውታል። በእንዲህ ያለ ሥራ የተለመደው አካሄድ አንዱ ይተረጉማል፣ ዋናውን ያላየ ሌላ ሰው ወደ መጀመሪያው ቋንቋ ይመልሰዋል፣ ከዚያም ሁለቱ ይነጻጸራሉ።

ነገር ግን በእኛ አስተያየት ይህ መመላለስ የሚይዘው የመዝገበ ቃላት ስሕተትን ብቻ ነው። ለምሳሌ መጠይቁ ሲበሉ ስለ ማሳል ይጠይቃል። “ሲበሉ ያስልዎታል?” ብለን ብንተረጉመው ተመልሶም ያው “ማሳል” ይሆናል፤ እንከን አይገኝበትም። አንድ አዛውንት ግን ሳል ሲባል ጉንፋን ወይም የሳንባ ነቀርሳ አስበው “የለም” ሊሉ ይችላሉ። “ሲበሉ ወይም ሲጠጡ ትን ይልዎታል?” ቢባሉ “እንዴታ! ውኃ ስጠጣማ ሁልጊዜ ነው” ይሉ ይሆናል። ሌላው ጥያቄ ችግሩ ከቤት ወጥቶ ከመብላት ያግድ እንደሆነ ይጠይቃል። ምግብ ቤት ገብቶ የማያውቅ ሰው “አያግደኝም” ይላል፤ በሰው ፊት ትን እንዳይለው አፍሮ ከትሪው ከራቀ ግን ወራት አልፈውታል። እርግጥ ጥያቄው ከተለወጠ የ3 ነጥቡ ወሰንም እንደገና መፈተን አለበት።

በአገራችንም ተመሳሳይ ነገር ታይቷል። በስኮትላንድ የተዘጋጀው የኤዲንብራ የወላዶች ድብርት መጠይቅ በቡታጅራ ገጠር ተሞክሮ ጥናቱ በ2008 እ.ኤ.አ. ሲታተም፣ ከእርሱ ይልቅ የዓለም ጤና ድርጅት ባለ20 ጥያቄው መጠይቅ የተሻለ ሆኖ ተገኘ። በ2010 በታተመው የአዲስ አበባ ጥናት ግን የኤዲንብራው ደህና ሠርቷል። ቋንቋው አንድ ቢሆንም ከተማና ገጠር አንድ አይደሉም።

እዚህ ኮድቡር ነገሩ አንድ እርከን ይጨምራል፤ አንዳንዶቻችን ሱማሊኛ የሚችል ልጅ ይዘን ሐኪም ዘንድ እንቀርባለን። ልጁ “ትን ይላቸዋል” የሚለውን “ያስላቸዋል” ብሎ ቢያሳጥረው ዋናው ነገር ጠፋ ማለት ነው። ስለዚህ ቃሉን ብቻ ሳይሆን የሚሆነውን ዘርዝሩ፦ በውኃ ነው ወይስ በእንጀራ? በቀን ስንት ጊዜ? ምግቡ ጉሮሮ ላይ ይሰነቀራል? ከጠጡ በኋላ ድምፃቸው ውኃ እንደ ያዘ ይሆናል? ከስተዋል? ትኩሳት አለ?

እስከዚያው ሕመምተኛውን ቀጥ አድርጋችሁ አስቀምጣችሁ በጥቂት በጥቂቱ አጉርሱ፤ እንቅልፍ ላይ ላለ ሰው ምንም አትስጡ። ትን ላለው ሰው ውኃ መስጠት የቆየ ልማዳችን ቢሆንም፣ ስትሮክ ለመታው ሰው ቀጭን ፈሳሽ ከገንፎ ይልቅ በቀላሉ ወደ ሳንባ ሊገባበት ይችላልና እስኪያበቃ ድረስ ይሳል፤ ውኃው ይቆይ።